አሮጌ ቤት ለምን ያምረናል?

ባለ ካሜራው
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡40

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ከሀገር ፍቅር ቲያትር ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ባለ ፎቅ አሮጌ ቤት አለ። ትክክለኛ ቦታውን አልናገርም፤ ሰዎች ይኖሩበታል። ምድር ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ። ፊት ለፊቱን ከዳር እስከ ዳር የያዘ የእንጨት በረንዳ ነበረው፤ አሁንም አለው፣ ግን እንደ ደከመ ሰው ወደ ግራ ዘምሟል። ከጣራው ክፈፍ ሥር እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሳንቃ ተንጠልጥሏል። ግማሹ ረግፏል፤ የቀረው ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ልስኑ በተላጠበት ቦታ የቤቱ ዕድሜ ይቆጠራል፦ ላይ ላዩን ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ነጭ ኖራ፣ ከሁሉም ሥር ጭዱ የሚታይ ቀይ ጭቃ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሃያ ሦስት ፎቶ አነሣሁ። በየቀኑ በሥራቸው የማልፍባቸውን የመስታወት ሕንፃዎች ግን አንድም ቀን ቆሜ አይቻቸው አላውቅም። አዲስ በነበረ ጊዜ ምናልባት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቤት ሲያረጅ እንዲህ የሚያምረው ለምንድን ነው? በመጋቢት 2016 የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከዳር ቆመው ካዩት አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ ካሜራ አልነበረኝም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን የቀረውን እየዞርኩ አነሣለሁ። እናንተስ? ያምራችኋል ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?


ወሬ ነጋሪ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡05

ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ይሸታል። ሌላ ጥያቄ ካለህ ቀጥል።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወሬ ነጋሪ በአጭሩ ጨረሰው እንጂ እኔ ላስረዝመው ነው።

የተወለድኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። እስኪፈርስ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ኖሬአለሁ። ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረን። በሩ መቀርቀሪያ ስለሌለው ውስጥ ያለ ሰው የእግር ድምፅ ሲሰማ ያስላል፤ መቀርቀሪያችን ሳል ነበር። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው። ማታ አይጥ ሲሮጥበት ጨርቁ በእግሩ ልክ እየሰረጎደ ሲሄድ ከታች ተኝተን እናየዋለን። እኔና እህቴ በየትኛው ጥግ እንደሚወጣ እንወራረድ ነበር። ግድግዳው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበጠ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ቢሆንም ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳችን ላይ ነው። ከትራሴ አጠገብ የነበረው ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ ፊት ቆሜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነብለታለሁ፣ እሱ አያውቅም።

እናቴ ለቀበሌ የምትከፍለው የወር ኪራይ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ ማኪያቶ አይገዛም ነበር። በዚያ ገንዘብ ማን ጣራ ይቀይርልሃል?

አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። የገባን ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ያለ ጉዳይ ተቀመጥኩ። ማንም አላንኳኳም። ይህን ደስታ በካሜራ አታገኘውም ወንድሜ። ናፍቆቱንም አልክድም። ድሮ እናቴ ቡና ስትወቅጥ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። አሁንም ትወቅጣለች፤ ማንም አይሰማትም። ስልክ ትደውላለች።


የሥነ ሕንፃ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ቤቶቹ ከመጀመሪያውም የድሃ ጎጆ የነበሩ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን ሰፈር ነበረች፤ ድንኳንና የሣር ክዳን። መኳንንቱና ነጋዴው ወደ ቋሚ ቤት የዞሩት ቀስ በቀስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥራውን የሠሩት የብዙ አገር እጆች ናቸው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ መሐንዲሱ ሐበሻ፣ ህንድ፣ አርመን፣ ግሪክ፣ ጣሊያን ነው። ባለ ካሜራው «እንደ ዳንቴል» ያለው የተፈለፈለ ሳንቃ፣ ዙሪያውን የሚሄደው በረንዳ፣ በውጭ በኩል የሚወጣው ደረጃ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ፎቁ መኖሪያ መሆኑ፣ ይህ ሁሉ የዚያ ድብልቅ ውጤት ነው። ሙሴ ሚናስ ይባል የነበረው አርመናዊው ሚናስ ኸርቤክያን በከተማዋ ብዙ ሠርቷል፤ የራሱም ቤት ፒያሳ ነው። የህንዱ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ቤትም አራዳ ላይ የቆመው ከዓለም ዙሪያ ዕቃ እያስመጣ በነበረበት ዘመን ነው፤ ኩባንያውን ያባረረው የጣሊያን ወረራ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የጣሊያን ቅሪት ነው፤ አባቶቻችን አራዳ ነበር የሚሉት። ጣሊያን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶ ባያደርገው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ሰፈር ነበር።

ጣራውን ተመልከቱ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ቆርቆሮም ሆነ መስታወት ሐዲዱ ከደረሰበት ወዲህ የመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው። ያን መስታወት ሳይሰበር ያደረሰ ሰው ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ እነዚህ ቤቶች ያማሩት ስላረጁ አይደለም። ሲሠሩም ያማሩ ነበሩ። በ1898 ዓ.ም. የተሠራውን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ግቡና ደረጃውን ውጡ። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ጃዝአምባ አዳራሹን ቢያጣም ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ወይም ወደ መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ የራስ ብሩን ቤት፣ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን፣ እዩ። በረንዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሳንቃው ሙሉ ነው።


ባለ ካሜራው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

የራስ ብሩን ቤት አይቸዋለሁ። ያምራል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እንደዚህኛው ልቤን አልነካውም። የተጠገነ፣ የተቀባ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ያለው ቤት ነው።


የሥነ ሕንፃ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

እንግዲያው አንተ የምትወደው ቤቱን ሳይሆን መውደቁን ነው።


ወሬ ነጋሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

ተማሪዋ ጨረሰችው።


የሥነ ሕንፃ ተማሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡14

ተማሪው ነኝ።


ስሙኒ
እሑድ፣ ከሌሊቱ 9፡50

እኔ ያለሁት ቶሮንቶ ነው፣ እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ ነው። ባለ ካሜራውን ለቀቅ አድርጉት።

የኖርንበት ቤት ወለሉ ጣውላ ነበር፣ በጣውላዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ከታች የአረብ ሱቅ ነው። አንድ ቀን እናቴ ለዳቦ የሰጠችኝ ስሙኒ ከእጄ አምልጣ በዚያ ክፍተት ገባች። እያለቀስኩ ወረድኩ። ባለ ሱቁ ምንም ሳይናገር ስሙኒዋን ከጨው ጆንያው ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ከረሜላም ጨመረልኝ። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ጣልኩ። ሁለተኛው ላይ ነቃብኝ፤ ስሙኒዋን ሰጠኝ፣ ከረሜላውን ከለከለኝ።

ቤቱ የለም። ሰሞኑን ከላይ የተነሣ የከተማዋን ካርታ ከፍቼ ፈለግሁት፤ ሰፊ መንገድና የተተከለ ሣር አየሁ። የሚያምር መንገድ ነው፣ አልቃወምም። ግን ለልጆቼ «እዚህ ጋ» ብዬ ጣቴን የማስቀምጥበት አንድ ግድግዳ ቢተርፍ ምን ነበረበት? መበስበሱ ያምራል ወይስ አያምርም የሚለው ክርክር ለእኔ ቅንጦት ነው።


ጡረተኛዋ መምህርት
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡20

ልጆቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው ያነበብኩት። ስተይብ ቀርፋፋ ነኝና ታገሡኝ።

እናንተ አሮጌ የምትሉትን ቤት እኔ አዲስ ሆኖ አውቀዋለሁ። አዲስ ስል ትናንት የተሠራ ማለቴ አይደለም፤ ያን ጊዜም ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። ግን በየዓመቱ አዲስ ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ቀናት፣ ሰፈሩ በሙሉ ኖራ ኖራ ይሸታል። የተላጠው ይመረጋል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ አሸንዳው ይጠረጋል። የፎቁ ወለል በሰም ይወለወላል፤ እኛ ልጆች እግራችን ላይ የሱፍ ጨርቅ አስረን እየተንሸራተትን እንወለውለው ነበር፣ ለእኛ ጨዋታ ለእናቴ ሥራ። ባለ ካሜራው በየንብርብሩ የቆጠርከው ቀለም እርጅና አይደለም ልጄ። እያንዳንዱ አንድ መስከረም ነው።

በየዓመቱ መቀባቱ የቀረው በ1967 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ሲባል አባቴ ሬዲዮውን ዘግተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ተፈቀደ፤ ሌላው «ትርፍ» ተባለ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ገባ። እንዳትሳሳቱ፣ አባቴን ደግፌ አይደለም የማወራው። ከታች የነበሩት ተከራዮቻችን በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ውጡ» የሚላቸው እንደሌለ አውቀው ተኙ፣ ኪራዩም ቀነሰላቸው። ለብዙ ድሃ ዕረፍት ነበር። ግን የሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ ኖራ የገዛ አልነበረም። አባቴ ቤታቸው አይደለም፣ ተከራዮቹ ቤታቸው አይደለም፣ ቀበሌው ደግሞ ስንቱን ይቀባል? የዚያን ዓመት ቀለም እስኪፈርስ ድረስ ይዞት ቆየ። አረንጓዴ ነበር።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡45

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኛም ከጋዜጣው ሥር አረንጓዴ ነበር።


ቱምቢ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ግንበኛ ነኝ፣ አባቴም ግንበኛ ነበሩ። ስለ ውበት አላውቅም። አሮጌ ቤት እንዴት እንደሚሞት ግን አውቃለሁ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ተጠርቼ ገብቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቼ።

ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከላይ፣ ከአሸንዳ ነው። አሸንዳው ይዝጋል፣ አንድ ቦታ ይበሳል። ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ መሬት ነጥሮም የግድግዳውን እግር ይረጫል። ጭቃው ይረጥባል። ቋሚው ከመሬት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል፤ ከላይ ብታየው ደህና ነው፣ ከታች በጣትህ ትገፋዋለህ። ከዚያ ማገሩ ይላላል፣ ግድግዳው ሆድ ያወጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ባለቤቱ አናጢ ጠርቶ በሩን ያስልጋል። የታመመው በሩ አይደለም። ሦስት ጊዜ የተላገ በር ያለበት ቤት ካያችሁ ግድግዳው አስቀድሞ ሄዷል።

ከዚህ የሚብሰው መድኃኒቱ ነው። ጭቃው ሲረግፍ ሰው ሲሚንቶ ይለስንበታል። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይሰጣል። ሲሚንቶው ግን ይዘጋበታል። ውኃው ከጀርባው ይቀራል፣ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይሟሟል፣ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ዳቦ ቅርፊት ሙሉውን ተገንጥሎ ይወርዳል። ጭቃ የሚጠገነው በጭቃ ነው፦ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት አድሮ በቦካ ጭቃ። ላዩ ኖራ። ይህን የሚሠራ ሰው አሁን ከከተማ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጭቃ ረገጥኩ ብሎ የሚያወራ የለማ፣ ሁሉም ብሎኬት ነው።

የእንጨቱም ነገር አለ። የድሮዎቹ ቋሚ ጥድ ነው፤ ጥድን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። በኋላ የተቀጠሉት ክፍሎች ባሕር ዛፍ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ማድ ቤት ደግሞ ከዋናው ቤት በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ፣ ጭሱ እንጨቱን ስለሚጠብቀው። ይህን አባቴ ሲናገሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ባለ ካሜራው፣ በረንዳው ወደ ግራ ዘምሟል ብለሃል። የግራውን አሸንዳ አየኸው?


ወሬ ነጋሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

እስካሁን ስቀልድ ነበር፣ አሁን አንድ ቁም ነገር ልናገር። በጎንደር የፋሲል ግንብ ጣራው የሌለው ክፍል እንኳን ቆሞ ይጎበኛል። ድንጋይ ነዋ። ጭቃ ግን ፍርስራሽ አይሆንም። ጣራው በተነሣ በጥቂት ክረምት ውስጥ ተመልሶ አፈር ነው፣ ጎመን ይዘራበታል። ስለዚህ ባለ ካሜራው በፒያሳ ያየው የድሮ ፍርስራሽ አይደለም። ሰዎች በፌስታልና በሚስማር፣ በየምሽቱ፣ እንዳይወድቅ የያዙት ቤት ነው። ባዶ ቢሆን ኖሮ ፎቶ የሚነሣ ነገር አይጠብቀውም ነበር።


ባለ ካሜራው
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ሌሊቱን እንደምታውቁት ሲያወርደው ነበር።

ቱምቢ፣ የግራው አሸንዳ የለም። አሸንዳው የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት የዛገ ማንጠልጠያ ብቻ አለ።

ይህን እያየሁ ካሜራዬን አነሣሁ፤ በረንዳው ላይ አንዲት እናት ወጡ። ትናንትም ሳያዩኝ አልቀሩም። «አንተ ልጅ፣ ማንሣት እንዲህ ከወደድክ ና ይህን ባሊ አንሣልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወጣሁ። ደረጃው ላይ አራተኛው እርከን የለም፣ በእሱ ፋንታ የለስላሳ ሣጥን ተደፍቷል።

ባሊው ሞልቶ ነበር። ከአጠገቡ ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን፣ ከአልጋው ራስጌ ድስት። ሁሉንም ደፋሁላቸው። ከግድግዳው ላይ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ይታያል፤ ውኃ እንዳይነካው ከጥግ ወደ መሀል እየተዛወረ የተሰቀለባቸው የአራት ሚስማር ቀዳዳዎች አሉ። በሩ ከላይም ከታችም ተልጓል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅሁ። «መቼ ቆጠርኩት» አሉኝ። ዳንቴሉን ከውስጥ ሆናችሁ አታዩትም። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ካልሆነ በስተቀር መኖሩም አይታወቅም። ስለ እሱ ሳወራቸው መጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ አልገባቸውም።

ፎቶ አላነሣሁም። የአሸንዳውን ርዝመት በእርምጃ ለካሁ፤ ስምንት እርምጃ ነው። ቱምቢ፣ ስንት ያስፈልገዋል?


ቱምቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡25

በእርምጃ የሚለካ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። ረቡዕ ከሥራ በኋላ አያለሁ። ሰውየውን፣ ባለቤቱን ማለቴ ነው፣ አስቀድመህ አናግር።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ባለቤቱ ማን ነው? የቀበሌ ቤት ከሆነ አስፈቅዱ። እኛ አንድ ጊዜ በራሳችን ገንዘብ አንድ ቆርቆሮ ቀይረን «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ተብለን ሦስት ሳምንት ተመላልሰናል።


ጡረተኛዋ መምህርት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

አስፈቅዱ ልጆቼ። እናንተ ሠርታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ነገሩ የሚቀረው በእናቲቱ ላይ ነው። ለአሸንዳው ከእኔም ትንሽ አለ።


የሥነ ሕንፃ ተማሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ጥገናው ሌላ ሥርዓት ስላለው እሱንም አጣራለሁ። ካልተመዘገበ ነገሩ ይቀላል። ቀላል በመሆኑ መደሰት ይኑርብኝ ወይስ መከፋት አላውቅም።


ስሙኒ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 10፡30

ቀሪውን የአሸንዳ ሒሳብ ለእኔ ተዉት። ከረሜላም ጨምሩበት።


የሥነ ሕንፃ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00

አልተመዘገበም። ደብዳቤውን የተቀበሉኝ ሰው አንብበው «አሸንዳ ብቻ? ቀለም የለም? ክፍል መቀጠል የለም?» አሉ፤ የለም አልኩ። «አሸንዳ ብቻ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው ማኅተም መቱልኝ።


ባለ ካሜራው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

ቱምቢ ትናንት መጥቶ ለካ፣ ዛሬ ሠራው። ሰባት ሜትር ከሃያ ሆነ፤ የእኔ ስምንት እርምጃ አላሳፈረኝም። ከታች በግድግዳው እግር ዙሪያ ውኃው የሚሸሽበት ቦይ ቆፈርን። የበሰበሰውን አንዱን ቋሚ ሊነካው አልፈለገም፤ «እሱ የተኛ አውሬ ነው፣ መስከረም ላይ ተዘጋጅተን እንመጣበታለን» አለ።

አንድ ነገር ግን አልጠበቅሁም። አሸንዳው የሚመታው ክፈፉ ላይ ነው፣ ክፈፉ ላይ ደግሞ ዳንቴሉ አለ። ቱምቢ መሰላሉ ላይ ሆኖ «ይህ መነሣት አለበት፣ አለዚያ ሚስማሩ የሚይዘው የለም» ብሎ ጠራኝ። እኔ ታች ቆሜ ዝም አልኩ። ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ እሱ ነው፤ ሃያ ሦስቱም ፎቶ ላይ ያለው እሱ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ አይቻልም ወይ አልኩት። አይቻልም። እናቲቱ በረንዳው ላይ ሆነው ሁለታችንንም አዩና «ምንድን ነው የሚያከራክራችሁ?» አሉ። ቱምቢ አሳያቸው። «ይህ ነው እንዴ? አንሣው እንጂ» አሉት።

አራት ቁራጭ ወጣ። ከቅርብ ሳየው የፈለፈለው ሰው እጅ ይታያል። አበባዎቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የመጨረሻው አበባ ጠባብ ነው፣ ሳንቃው ሲያልቅበት ያሳጠረው ይመስላል። ከኋላው በእርሳስ የተሰመረው መስመር እስካሁን አለ፤ ፀሐይ ስላላገኘው አልጠፋም። ለሰዓታት ፊት ለፊቱ ቆሜ ይህን አላየሁም ነበር።

ማገዶ ሊያደርጉት ይሆን ብዬ ፈርቼ እኔ ጋ ይቀመጥ አልኳቸው። «ውሰደው» አሉኝ። ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ ከላይ ጠሩኝ፦ «የቤቱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም፣ ሲጠገን ትመልሰዋለህ።»

አሁን አልጋዬ ሥር ነው።


ወሬ ነጋሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

የቤቱን ፎቶ አሁን አንሣና አሳየን። ያለ ዳንቴሉ።


ባለ ካሜራው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

አነሣሁት። የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ አሸንዳ ያለው የዘመመ ቤት ነው። አያምርም።


ጡረተኛዋ መምህርት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ዛሬ ማታ ይዘንባል ብለዋል። ጠዋት ደውልላቸውና ባሊው እንዴት እንዳደረ ጠይቅልኝ።


ቱምቢ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሳንቃውን ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ይሰነጠቃል። ከወለሉ ከፍ አድርገህ በአራት ጡብ ላይ አስተኛው፣ የተልባ ዘይት ቀባው። አልጋ ሥር ደግሞ ምስጥ አለመኖሩን እይ።